ምን ይዘህ ወጣህ?

የአያ ፈንቴን መሞት የሰማሁት ጎንደር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ስልሳ ለሚሆኑ መምህራን የእሳቸውን ዘዴ እያስተማርኩ ሳለ ነው። የእሳቸው ዘዴ መሆኑን የምናገረው ግን ዛሬ ነው። ያን ቀን ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የበራው «የክፍለ ጊዜው የመጨረሻ አምስት ደቂቃዎች» የሚል ርዕስ ሲሆን ከሥሩ ያለው ስም የኔው ነበር፣ ከነማዕረጉ። ተማሪው ትምህርቱ እንደገባው ሳናረጋግጥ ከክፍል መውጣት እንደሌለብን፣ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም እንደማይረባ፣ ልጅ መምህሩን ላለማስቀየም ሁልጊዜ «ገብቶናል» እንደሚል ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። ስጨርስ «ግልጽ ነው?» አልኳቸው። ስልሳው መምህር በአንድ አፍ «ግልጽ ነው» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወረቀቴን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። ስመኝ ነበረች። ስመኝ የአያ ፈንቴ የልጅ ልጅና የኔ የቀድሞ ተማሪ ናት፤ አሁን መካነ ብርሃን ታስተምራለች። «ቲቸር፣ አባባ ዐረፉ። ትናንት ቀበርናቸው፤ ኔትወርክ ስላልነበረ ልንደውልልዎ አልቻልንም» አለችኝ። በማግስቱ ማለዳ የደባርቅ መኪና ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ሽማግሌው ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ የማስበው ሰዎቹ ሲያዩኝ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ነበር።

አያ ፈንቴ መምህር አልነበሩም። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የአንዲት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። የትምህርት ቤቷን ስም አልጠራም፤ የማወራው የራሴን ጉድ ስለሆነ እሷን ምን አስገባት። ቀጠን ያሉ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያነክሱ፣ ከጋቢያቸው ላይ የመንግሥት ካፖርት የሚደርቡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሳይጎዳ በፊት ለፈረንጆች ዕቃ በበቅሎ እየጫኑ ሰሜን ተራራ አናት ላይ እስካለው ጨነቅ ይመላለሱ ነበር። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር።

ሥራቸው በር መጠበቅ፣ ሰዓት ሲደርስ እንደ ደወል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ መምታትና ከግቢ የሚወጣውን መፈተሽ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ሥራቸውን ግን በራሳቸው መንገድ ተርጉመውታል። ተማሪ ሲለቀቅ ከሁለቱ የቆርቆሮ መዝጊያዎች አንዱን ብቻ ይከፍቱና ዱላቸውን አጋድመው ይቆማሉ። ልጆቹ በሰልፍ ይመጣሉ። ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ወይ ሦስት ልጅ እንደመጣላቸው ያስቆሙና «ዛሬ ምን ይዘህ ወጣህ?» ይላሉ። ልጁ በዚያ ቀን ከተማረው አንድ ነገር በአማርኛ ያስረዳቸዋል። እሳቸው ዱላውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከገባቸው ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ በዱላ ይመቱና «እለፍ» ይላሉ። በጣም ደስ ካላቸው «ይቺን ለቤትህ ውሰዳት» ይጨምራሉ። ካልገባቸው ግን ያው አንድ መልስ ነው፤ «አልገባኝም። ተመለስና መምህርህን ጠይቀህ ና።»

ማን እንደሚጠየቅ ስለማይታወቅ ሁሉም ልጅ ተዘጋጅቶ መውጣት ነበረበት። የቆዩት መምህራን ይህን ለምደውታል። የአማርኛው መምህር ቸርኬው ከመመታቱ በፊት ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እርስ በርስ ያነጋግራቸዋል። የኅብረተሰብ መምህሯ ለመገላገል ብላ በክፍለ ጊዜው ማብቂያ አንድ ዓረፍተ ነገር ታስይዛቸው ነበር። አያ ፈንቴ ሦስተኛው ልጅ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲደግምላቸው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ «ለምን?» ብለው ይጠይቁታል፤ ልጁ ይመለሳል፣ መምህሯም አብራው ትቀራለች።

እኔ በዚህ መሃል የደረስኩት ሞባይል ደባርቅ ገና መግባት በጀመረበት ጊዜ፣ ዲፕሎማዬንና የተተኮሰ ነጭ ጋዋኔን ይዤ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምር ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ስናገር የራሴን ድምፅ እየሰማሁ የምረካ ሰው ነበርኩ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቀመር እሞላዋለሁ፣ ጠመኔውን አራግፌ ዞር እልና «ገባችሁ?» እላለሁ። ሰባ ልጅ «የስ ቲቸር» ይለኛል። የዚያ አገር ልጅ ጨዋ ነው፤ ከከተማ ድረስ መጥቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ የደከመን ሰው «አልገባኝም» ብሎ አያሳፍርም። እኔ ግን ይህን ጨዋነት የማስተማር ችሎታዬ ማስረጃ አድርጌ ወሰድኩት።

የምኖረው ደባርቅ ተከራይቼ ስለነበር ቸርኬው እንደተመታ ወደ መንገድ እሮጣለሁ፤ የምታልፈው ሚኒባስ ካመለጠችኝ ሌላ መኪና ማግኘት ፈተና ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እየሮጥኩ በሩ ጋ ስደርስ አያ ፈንቴ አንዱን ተማሪዬን አቁመውታል። ልጁ «ፕሬዠር» አላቸው። ምንድን ነው ሲሉት የሰጠሁትን ትርጉም በእንግሊዝኛ ሳያዛንፍ አነበነበላቸው። እኔ ኮራሁ። አያ ፈንቴ ዓይናቸውን ገልጠው በትሕትና ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

«መምህር፣ አይቆጡኝና የርስዎ ልጆች ዛሬ ባዷቸውን ወጡ» አሉኝ።

ልጁ ወደኔ ዞሮ የቃሉን አማርኛ ጠየቀኝ። በሰልፉ ያሉት ሌሎችም ጠጋ አሉ። በአማርኛ «ግፊት» አልኩና ግፊት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አፌን ስከፍት የሚወጣው ያው የእንግሊዝኛው ቀመር ሆነ። ያን ቀን ሚኒባሷ አመለጠችኝ። በዚያው ሳምንት ሁለቴ አመለጠችኝ። በእግሬ እየኳተንኩ ስለ አንድ ማይም ዘበኛ ድፍረት ለራሴ ረዥም ንግግር አደርግ ነበር፣ እሱንም በእንግሊዝኛ።

ነገሩ የከፋው ግን እኔኑ የጠየቁኝ ቀን ነው። ስለ አየር ግፊት ሁለት ሳምንት አስተምሬ ጨርሻለሁ። በሩ ጋ ሲያዩኝ ልጆቹን አሳልፈው እኔን አስቆሙኝ። በዱሮ ሥራቸው ጨነቅ ላይ ንፍሮ ሲቀቅሉ የሚገጥማቸውን ነገር አነሱ፤ ውሃው ቶሎ ፈልቶ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን ግማሽ ቀን ቢጣድም ጥሬ ነው። ቆላ ወርደው ያንኑ ባቄላ ሲጥዱት ወዲያው ይበስላል። ይህ እኔ ከማስተምረው ከአየሩ ነገር ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ልባቸው ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ ለዓመታት ያብሰለሰላቸው ነገር ነው።

ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ ሠንጠረዡን አውቀዋለሁ፣ ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ውጤት አገኛለሁ። ባቄላውን ግን ከቀመሩ ጋር በሕይወቴ አገናኝቼው አላውቅም። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ይሆናል አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ካሰቡ በኋላ እንጨቱን ከቆላ ይዘውት ይወጡ እንደነበር ነገሩኝ። ባቄላው ያረጀ ሊሆን ይችላል አልኩ። ከዚያው ጆንያ እንደሆነ ነገሩኝ። ሰባ የሚሆኑ ተማሪዎቼ ዙሪያውን ቆመዋል።

«አልገባኝም መምህር። ነገ ይነግሩኛል» አሉና መንገዱን ለቀቁልኝ።

በማግስቱ አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ያደረግሁት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ መክሰስ ነው። ዘበኛው የመምህራንን ክብር እየነካ ነው፣ ተማሪ ያጉላላል፣ ከሥልጣኑ በላይ ሄዷል አልኩ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከወረዳ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ስለነበር ግርግር አልፈለገም። አያ ፈንቴን ጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም መዝጊያ እንዲከፍቱና ማንንም እንዳይጠይቁ አዘዛቸው። ማን እንደከሰሳቸው ያውቃሉ። ስወጣ እንደወትሮው ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። ልጆቹ በተከፈተው በር እየተጋፉ ሲፈሱ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ መንገዱ ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ሚኒባስ አላመለጠኝም። ያ ወቅት በመምህርነት ዘመኔ እጅግ የተደሰትኩበት ነው። ሰው ዛሬም «ሚኒስትሪ» ለሚለው ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የድሮ ጥያቄዎች ሰብስቤ ተማሪዎቼን ቅዳሜ ሳይቀር አሸመደድኳቸው። ጥያቄው እንዲህ ሲጀምር መልሱ «ሐ» ነው፣ እንዲያ ሲጀምር «ለ» ነው እያልኩ። ውጤቱ ሲመጣ ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም አልፈዋል። ከወረዳ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ፍሬም አስገብቼ የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ፣ እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት በሚያየው ቦታ ሰቀልኩት። እንግዳ አይመጣብኝም ነበር።

ካለፉት አንዷ ስመኝ ናት። እናቷ በወሊድ ስለሞተችባት ያሳደጓት አያ ፈንቴ ናቸው። ዝምተኛ፣ ደብተሯ ንጹሕ፣ «ገባችሁ?» ስል ድምፅዋ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማኝ ልጅ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ደባርቅ ልትገባ ከጓደኞቿ ጋር የሚከራዩት ቤት ማፈላለግ ጀምራ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። ስገባ አያ ፈንቴ ቆመዋል፣ ስመኝ ከበሩ ጥግ ዓይኗ አብጦ ትነፋረቃለች። ዳይሬክተሩ ግራ ገብቶታል። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍልን እንድትደግም ሊጠይቁ መጥተዋል። ወድቃ አይደለም፤ አልፋ ነው። ዳይሬክተሩ እንዲህ ያለ አሠራር እንደሌለ፣ ያለፈ ተማሪ እንደማይደግም ደጋግሞ ነግሯቸዋል።

አያ ፈንቴ ወደኔ ዞረው እንድጠይቃት ለመኑኝ። እኔም በሙሉ ልብ ግፊት ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። እንባዋን ጠርጋ አንድ ቃል ሳታጎድል መለሰችልኝ። ፈገግ ብዬ ዳይሬክተሩን አየሁት።

«አሁን ለኔ ንገሪኝ» አሏት አያቷ።

ስመኝ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ሽማግሌው ጠበቋት። እኔም ጠበቅኩ። ከዚያ አያ ፈንቴ ከካፖርታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና የስመኝ ካርድ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያረጀ፣ ማኅተም ያለበት የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነበር፤ ስማቸው ተጽፎበታል።

«ይቺ የኔ ናት። ማንበብና መጻፍ ችሏል ትላለች ይሉኛል። ምን እንደምትል እኔ አላውቅም» አሉ።

ታሪኩን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። በደርግ ጊዜ መንደራቸው የመጣው አስተማሪ ፂሙ ገና ያላበቀለ የከተማ ልጅ ነበር። ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል፣ እንጀራው አይስማማውም፣ እሱ ግን ጠዋት ማታ ይደክማል። ሲጨርስ ገባችሁ ወይ ይላቸዋል። እንዳይከፋው ብለው ገብቶናል ይሉታል። ፈተናውንም ጎን ለጎን ተቀምጠው የጎረቤታቸውን ፊደል ቅርጹን እየሳሉ አለፉት። ወረቀቱ ተሰጠ፤ ወረቀት ስላላቸውም የገበሬ ማኅበሩ አያ ፈንቴን ጸሐፊ አድርጎ መረጣቸው። አንድ ቀን በስብሰባ መሃል ደብዳቤ መጣና አንብብ ተባሉ። ሕዝቡ ይጠብቃል። ዓይኔን አሞኛል ብለው ተቀመጡ፣ ውሸቱ እንዳይታወቅም ሳምንት ሙሉ አንድ ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው ዞሩ። ይህን ሲነግሩን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

«እኔ በወረቀት ያፈርኩት ይበቃል። ባዶዋን ከዚህ በር አትወጣም። መድገም ከሌለ ቤቷ ትቀመጥ» ብለው ጨረሱ።

ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን። ስመኝ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔ ያኔ ክረምቱን እኔ አስተምራታለሁ አልኩ። ከደግነት የመጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በኩራት እጽፈው ነበር። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም ይህ ወሬ ወረዳ ቢደርስ ያ የተሰቀለው ወረቀቴ ምን እንደሚሆን ታየኝ። አያ ፈንቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡበት። ውላቸውም ይህ ነበር፤ ክረምቱን እኔ አስተምራለሁ፤ በየትምህርቱ ማብቂያ ስመኝ ለሳቸው ታስረዳለች፤ እሳቸው «ገባኝ» ካሉ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን፤ የዓመቱ ትምህርት በዚህ ካለቀ መስከረም ላይ ደባርቅ ትገባለች። በዚህ ተስማማን።

ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ በር ትይዩ ነው። ሐምሌን ሙሉ በጭቃ እየተንሸራተትኩ ተመላለስኩ። መደቡ ላይ እኔና ስመኝ፣ ፊት ለፊታችን ሽማግሌው። የመጀመሪያውን ትምህርት ስጨርስ ከልማድ «ገባሽ?» አልኳት። «የስ ቲቸር» አለችኝ። አያ ፈንቴ እንድታስረዳቸው ጠየቋት፤ አልቻለችም። «አልገባኝም» አሉ። እንደገና አስተማርኩ። «አልገባኝም።» በሦስተኛው ቀን ላይ ያልገባው ማን እንደሆነ ለኔም ግልጽ እየሆነልኝ መጣ። በእንግሊዝኛው ቃል ተሸፍኜ የማልፋቸው ቦታዎች ሁሉ አማርኛ ላይ ሲደርሱ ባዶ ሆነው ይገኛሉ። ማታ ቤቴ ገብቼ የዲፕሎማ መጽሐፎቼን እንደ አዲስ አነብባለሁ። ተማሪ እያለሁ አንብቤያቸው እንደማላውቅ ገጾቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ አንዳንዶቹ ገና አልተላቀቁም ነበር።

ስመኝ መጀመሪያ ትጠላኝ ነበር፤ እውነት አላት። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። አያቷ ሳይገባቸው ሲቀር ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ እንዳልሆነ ስታይ ድፍረት አገኘች። አንድ ቀን ስለ ተንሳፋፊ ነገሮች እያስረዳሁ ሳለ እጇን አወጣች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ተማሪ የለም፤ እሷ ግን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አልገባኝም» አለች። አያ ፈንቴ ዱላቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መቱ። ትምህርቱ ገና ስላላለቀ ለምን እንደመቱ ወዲያው አልገባኝም ነበር።

ነሐሴ ላይ የአየር ግፊት ደረስን። ባቄላው እንደሚመጣ አውቄ ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ። ያስረዳችው ግን ስመኝ ናት። «አባባ፣ አየር እንደ ክዳን ነው። ቆላ ላይ ክዳኑ ከባድ ነው፣ ውሃው በደንብ ሳይግል አይፈላም። ጨነቅ ላይ ክዳኑ ቀላል ነው፣ ውሃው ብዙ ሳይግል ይፈላል። ፈላ ማለት በደንብ ጋለ ማለት አይደለም። ባቄላውን የሚያበስለው ደግሞ ግለቱ ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እውነተኛ ክዳን ገጥመው ድንጋይ ቢጭኑበትስ ብለው ጠየቋት። እሷ ወደኔ ሳታይ «ይሻላል፣ ቶሎ ይበስላል» አለች። እኔ በክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ጠይቄም ተጠይቄም አላውቅም።

«ገባኝ» አሉ አያ ፈንቴ። «ያን ሁሉ ዘመን ባቄላውን ስረግም ኖርኩ።»

መስከረም ላይ ስመኝ ደባርቅ ገባች። ትምህርት ቤቱም ሲከፈት ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ ክሴን አነሳሁ፤ አንዱ መዝጊያ ተመልሶ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን አያ ፈንቴ በሩ ጋ ጠብቀው አስቆሙኝ። ልጆቹ ሁሉ አልፈዋል። ወደ መንገዱ እያዩ፣ ካፖርታቸውን እየነካኩ፣ ለራሳቸው ፊደሉን ላስይዛቸው እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ዕድሜያቸው እንደሄደና ቶሎ እንደማይገባቸው፣ እንዳልሰለች፣ «ገባኝ» እስኪሉ ድረስ እንድታገሣቸው ለመኑኝ። በሚመጣው ክረምት እንጀምራለን አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት፤ ደግሞም ከልቤ ነበር።

ጥር ላይ ዝውውሬ ወጣና ጎንደር ገባሁ። ልሰናበታቸው ስሄድ ክረምቱን እንደምመጣ ደግሜ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ክረምት ሥልጠና ነበረኝ። በሌላው ለዲግሪ ተመዘገብኩ። በሌላው ምን እንደነበረኝ አላስታውስም፣ አንድ ነገር ግን ነበረኝ። በእንቁጣጣሽና በፋሲካ በስመኝ ስልክ እደውልላቸዋለሁ። ሰላምታው ሲያልቅ እኔው እጀምራለሁ፤ ይህ ክረምት አያልፍም፣ መጥቼ ፊደሉን እንጀምራለን እላለሁ። «እሺ መምህር፣ እጠብቃለሁ» ይሉኛል። እንዲህ እያልን ከአሥር ዓመት በላይ ቆየን። እኔ በበኩሌ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሳቸውን በር ወደ ክፍል አስገብቼ፣ ስም አውጥቼለት፣ ቅጽ አዘጋጅቼለት፣ አሠልጣኝ ሆኛለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንድም ቀን የሳቸውን ስም አንሥቼ አላውቅም። የዘበኛ ዘዴ ነው ብል ማን ይሰማኛል እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ብዙዎቹ በዚያ በር ያለፉ ልጆች ናቸው፤ አሁን ጢማቸውን ያሳደጉ፣ ልጅ ያዘሉ። የሚያውቁኝ ተነሥተው ቦታ ሰጡኝ፣ ይህም ይበልጥ አሸማቀቀኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ስመኝ ውሃ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንደምመጣ ነግሬ ሳልመጣ መቅረቴን፣ ሽማግሌው ፊደል ሳይቆጥሩ በኔ ምክንያት መሞታቸውን፣ ይህም እንደሚጸጽተኝ ነገርኳት።

ስመኝ ወደ ሰዉ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ አባባ ያነቡ ነበር እኮ። ሦስት ክረምት ጠበቁዎት። እኔ ላስተምርዎ ስላቸው ‹ከሰው ጋር ቀጠሮ አለኝ› ይሉኛል። በአራተኛው ክረምት እኔው አስጀመርኳቸው። ሦስት ዓመት ፈጀብን፤ አልገባኝም እያሉ አሳሩን አበሉኝ። ግን መልእክተ ዮሐንስን ጨርሰው፣ ዳዊት መድገም ከጀመሩ ቆይተዋል።»

ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም አልኳት። በየበዓሉ ስደውል ይህ ክረምት እንጀምራለን ስላቸው እጠብቃለሁ ይሉኝ እንደነበር አስታወስኳት።

«እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነው። ‹ሌላ ሰው እንዳስተማረኝ ከሰማ ልጁ ይከፋዋል። ገና አልጀመሩም በይው› ይሉኝ ነበር» አለችኝ። «እርስዎ ስልኩን ሲዘጉ ወደ ንባባቸው ይመለሳሉ።»

እኔ ደግሞ በየበዓሉ ስልኩን ስዘጋ፣ ሽማግሌው ዛሬም እኔን ብቻ እየጠበቁ ነው ብዬ፣ ቅር እያለኝም ቢሆን፣ ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር።